ካርቡራቶሩ ቤንዚን ሲያፈስ ምን እናድርግ?

ስለ መስኖ ፓምፕ በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

 

ይህን ንግግር በሬዲዮ የሰማችሁት አሁን በጽሑፍ አግኝታችሁታል። ያልሰማችሁትም ብትሆኑ ግድ የለም። ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቦታ ሲኖር ተመልሳችሁ ድገሙት። ከተቻለም ፓምፑን አጠገባችሁ አድርጋችሁ አንብቡ። ዓይን በወረቀቱ ላይ፣ እጅ በሞተሩ ላይ ሲሆን ትምህርቱ ቶሎ ይገባል።

የዛሬው ጉዳያችን ትንሿ የቤንዚን ፓምፕ ናት። ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ርብና ጉማራ ወደ ጣና በሚወርዱበት አገር፣ በበጋ የፓምፕ ድምፅ ይሰማል። በመቂና በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻም እንዲሁ ነው። ወንዙ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ማሳው ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ውሃውን ሽቅብ የምታወጣው ያቺ ትንሽ ሞተር ናት። ሽንኩርቱም ቲማቲሙም የሚጠብቀው እሷን ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን ጠዋት ገመዱን ስትስቡት ሞተሩ እንቢ ይላል እንበል። ደግማችሁ ትስባላችሁ፤ እንቢ ይላል። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ ከሥሩ መሬቱ ርሷል። የቤንዚን ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሽንኩርቱ ደግሞ ራስ መቋጠር ጀምሯል። የሽንኩርት ሥር አጭር ነው፤ ከታች ርጥበት ፈልጎ አያመጣም። በዚህ ጊዜ ውሃ ከጎደለበት ራሱ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ገበያ ሲወጣም ዋጋ የለውም። ሞተሪስታ ያለው ከተማ ነው፤ ከተማው ሩቅ ነው። ምን ይደረግ?

ይህ ብልሽት ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይስተካከላል። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ጨርቅና ትዕግሥት ይበቃዋል። ነገር ግን ቤንዚን ያለበት ሥራ ነውና ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ነገሩን እንወቀው።

ካርቡራቶር ማለት ምን ማለት ነው?

ካርቡራቶር ቤንዚንና አየርን የሚያዋህድ የሞተር ክፍል ነው። ቤንዚን ብቻውን በሞተር ውስጥ በደንብ አይነድም። አየር ይፈልጋል፤ አየሩም በልክ መሆን አለበት። ልኩ በክብደት ሲነገር ለ1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ነው። ቤንዚኑ ከዚህ እጅግ ከበዛ ሞተሩ ይታፈናል። እሳት የምትሰጠው ካንዴላ ትርሳለች። የረሰ እንጨት እንደማይቀጣጠል ሁሉ የታፈነ ሞተርም አይነሣም።

ካርቡራቶር አዲስ ነገር አይደለም። ቪልሄልም ማይባኽ የተባለ ጀርመናዊ የሞተር ሠሪ፣ ቤንዚኑን በተንሳፋፊ እየለካ በቀጭን ቀዳዳ የሚረጭ ካርቡራቶር የሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በእናንተ ፓምፕ ላይ ያለውም ሥራው በዚያው መንገድ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎትም ዘዴው አልተለወጠም።

በውስጡ ምን አለ?

አራት ነገሮችን እንወቅ። ስማቸውን አንብቡና በቃላችሁ ያዙ።

1. ጽዋው። ከካርቡራቶሩ ሥር የተንጠለጠለ፣ ስኒ የሚመስል ትንሽ የብረት ዕቃ ነው። ቤንዚን ከታንከሩ ወርዶ መጀመሪያ የሚጠራቀመው በዚህ ውስጥ ነው።

2. ተንሳፋፊው። በጽዋው ውስጥ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠራ ቀላል ነገር ነው። ቅል በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ እሱም በቤንዚን ላይ ይንሳፈፋል። ቤንዚኑ ሲጨምር ከፍ ይላል፤ ሲጎድል ዝቅ ይላል።

3. መርፌው። ከተንሳፋፊው ጋር የተያያዘ፣ ጫፉ የሾለ ትንሽ መዝጊያ ነው። የእንስራ ውታፍ ማለት ነው። ተንሳፋፊው ከፍ ሲል መርፌውን ሽቅብ ይገፋዋል። መርፌውም ቤንዚን የሚገባበትን ቀዳዳ ይዘጋል።

4. መቀመጫው። መርፌው ገብቶ የሚደፍነው ቀዳዳ ነው። አፉ ልስልስና ንጹሕ መሆን አለበት።

በብዙ የመስኖ ቀበሌዎች የውሃ አባት አለ አይደል? ሥራውን ታውቁታላችሁ። ውሃ ለአንዱ ማሳ ይለቅቃል። ማሳው ሲጠጣ ቦዩን ይዘጋል። ሲደርቅ እንደገና ይከፍታል። በካርቡራቶር ውስጥ ያለው የውሃ አባት ተንሳፋፊው ነው። የቦዩ መዝጊያ ደግሞ መርፌው ነው። አሁን አስቡት። የውሃ አባቱ ቢተኛ፣ ወይም መዝጊያው ሥር ድንጋይ ቢገባ ምን ይሆናል? ውሃው ማሳውን ያጥለቀልቀዋል። ካርቡራቶር ቤንዚን የሚያፈሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መርፌው ለምን አልዘጋም?

ምክንያቶቹ ጥቂት ናቸው።

አንደኛው ቆሻሻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ላይ ይገኛል። ቤንዚን በጀሪካን ይመጣል፤ በሃይላንድ ጠርሙስም ይሸጣል። አቧራ ይገባበታል። ከታንከሩ ውስጥ የዝገት ቅርፊት ይወርዳል። ከጤፍ ቅንጣት ያነሰች አሸዋ በመርፌውና በመቀመጫው መካከል ከተቀመጠች መርፌው መዝጋት አይችልም።

ሁለተኛው የመርፌው ማለቅ ነው። ሞተር ሲሠራ ይንቀጠቀጣል። መርፌውም መቀመጫውን እየነካ ይኖራል። በጊዜ ብዛት ጫፉ ላይ ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ይወጣበታል። ያን ጊዜ ቢያጸዱትም አይዘጋም፤ መለወጥ አለበት።

ሦስተኛው የተንሳፋፊው መቀደድ ነው። የተቀደደ ቅል እንደሚሰጥም ቤንዚን የገባበት ተንሳፋፊም ከፍ አይልም።

አራተኛው መጣበቅ ነው። ፓምፑ ክረምቱን ሙሉ ሳይሠራ ይቀመጣል። በጽዋው የቀረው ቤንዚን ይተናል፤ የሚያጣብቅ እድፍ ይተዋል። ተንሳፋፊውም መርፌውም ባሉበት ተይዘው ይቀራሉ።

ቤንዚን በዛ ሲባል ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የመርፌው አይደለም። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ አየር ያንሳል፤ ቤንዚኑ በዛ ማለት ነው። ቾክ የሚባለው፣ ለማስነሣት ጊዜ አየር የሚቀንሰው መዝጊያ፣ ተዘግቶ ከቀረም እንዲሁ ነው። ደጋ አገር ላይ ደግሞ አየሩ ቀጭን ነው። ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ የሞተሩ ጉልበት ከመቶ ሦስት ተኩል ያህል ይቀንሳል። ጭሱም ይጠቁራል። ታዲያ እንዴት እንለያቸው? ጭስ ብቻ ከሆነ በመጀመሪያ ማጣሪያውንና ቾኩን እዩ። ቤንዚን ወደ ማጣሪያው ቤት ከገባ፣ ወይም ሞተሩ ቆሞ ሳለ ከካርቡራቶሩ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን መርፌውን ጠርጥሩ። የሚንጠባጠበው ከጽዋው ከንፈር ዙሪያ ብቻ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ፣ ማለት በመካከል ያለው የጎማ ቀለበት፣ አልቆ ይሆናል።

ዝም ብንለውስ?

“ትንሽ ቢንጠባጠብ ምን አለበት? ውሃውን እስከ ሰጠኝ ድረስ ይሥራ” የሚል ይኖራል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

መጀመሪያ ነገር የሚንጠባጠበው ገንዘብ ነው። በጠብታ የሄደው በሳምንት ስንት ጣሳ እንደሚሆን ገምቱት።

ሁለተኛ፣ ቤንዚኑ ወደ ውጭ ብቻ አይፈስም። ወደ ሞተሩ ሆድም ይገባል። በፒስቶኑ ጎን እየሾለከ ወደ ታች ይወርድና ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ይቀጥናል። የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይጠብቅም። ብረቱ ይፋጫል፤ ይግላል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ይነክሳል። በአንዲት መርፌ የተጀመረ ጥፋት ሞተሩን ሙሉ ይበላዋል።

ሦስተኛውና ትልቁ እሳት ነው። ከቤንዚን የሚወጣው ትነት በዓይን አይታይም። ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሳባል። ራቅ ብሎ ካለ ፍም ወይም ሲጋራ ሲደርስ ይቀጣጠልና እሳቱን ወደ ኋላ ይዞት ይመጣል። ቤንዚን የሚያፈስን ፓምፕ እናቶች ቡና ከሚያፈሉበት፣ እንጀራ ከሚጋግሩበት ቤት ማሳደር ቤተሰብን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ከሥራው በፊት

እነዚህን ጥንቃቄዎች ሳትፈጽሙ አንዲት ብሎን አትንኩ።

ሥራው ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሁን። ሲጋራ፣ ክብሪት፣ ፋኖስ፣ ከሰል በአጠገቡ አይኑር። ሞተሩ ይቁም፤ እስኪቀዘቅዝም ይቆይ። ማርሚታው፣ ማለት የጭስ ማውጫው፣ እጅ ካስነካ ብቻ ሥራ ጀምሩ። ሕፃናትን አርቁ። አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር በባልዲ አቅርቡ። የቤንዚን እሳት ውሃ ቢደፉበት ይበተናል፤ የሚጠፋው በአፈር ሲታፈን ነው።

አንድ ልማድ ደግሞ መቅረት አለበት። ቤንዚንን በቱቦ በአፍ እየሳቡ መገልበጥ አደገኛ ነው። ወደ ሳንባ ከገባ ሊገድል ይችላል። በድንገት የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የሚያስፈልጉን ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ በብዙዎቹ ፓምፖች 10 ቁጥር የሆነ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ንጹሕ ጣሳ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ጥቂት ጥጥ፣ የጎማ መንፊያ። ብሎኖቹን የምናስቀምጥበት አንድ ሳህንም ይኑር። ሣር ውስጥ የጠፋች ብሎን ቀን ታስጨርሳለች።

አሁን ወደ ሥራው

1. የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ። ከካርቡራቶሩ ጎን፣ ከታች ያለችው ትንሽ እጀታ ናት። በላይዋ ያለችው ብዙውን ጊዜ የቾኩ እጀታ ናት፤ አታምታቷቸው። የካንዴላውንም ሽቦ ንቀሉና ወደ ጎን አድርጉት።

2. ካርቡራቶሩን ከውጭ በጨርቅ ጥረጉ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን አትዝለሉት። ሳይጠረግ ከተከፈተ የውጭው አፈር ወደ ውስጥ ይገባል። ቆሻሻ ልናወጣ ሄደን ቆሻሻ እናስገባለን።

3. ጣሳውን ከጽዋው ሥር አድርጉ። ከጽዋው ጎን ወይም ከሥሩ ማፍሰሻ ብሎን ካለ አላሉና ቤንዚኑን አውርዱ። ከዚያ ጣሳውን ዘንበል አድርጋችሁ እዩ። ቡናማ ዱቄት ካለ ዝገት ነው። ከሥር የሚንከባለል ኳስ መሳይ ነገር ካለ ውሃ ነው፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሁልጊዜ ከታች ይተኛል። ጣሳው የበሽታውን ስም ይነግራችኋል።

4. ከጽዋው ሥር ያለውን ዋናውን ብሎን ፍቱ። ጽዋውን በእጃችሁ ደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። በከንፈሩ ዙሪያ ያለውን የጎማ ቀለበት አትጉዱት። አቀማመጡን ልብ በሉ፤ ስትመልሱት እንደ ነበረ መመለስ አለበት።

5. አሁን ተንሳፋፊው ይታያል። በአንድ ጎኑ በቀጭን የብረት ዘንግ ተይዟል። ዘንጉን ገፋ አድርጋችሁ አውጡት። ተንሳፋፊው ከነመርፌው ይወርዳል። መርፌዋ ትንሽ ስለሆነች እጃችሁን ከሥር አድርጋችሁ ተቀበሏት።

6. መርፌውን ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ጫፉን እዩ። ልስልስ ከሆነ ደኅና ነው። ቀለበት መሳይ ጉድጓድ ካለበት፣ ወይም የጎማ ጫፉ ከተበላ አልቋል። በጥፍራችሁ ዳስሱት፤ ዓይን ያላየውን ጥፍር ያገኘዋል። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። መርፌ በመፈግፈግ አይድንም፤ ይብስበታል።

7. ተንሳፋፊውን ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ውስጡ ቤንዚን የሚንቦጫቦጭ ከሆነ ተቀዷል። ከተጠራጠራችሁ በደንብ አድርቁትና ከእሳት በራቀ ቦታ በሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት። አረፋ እየተከታተለ ከወጣ ቀዳዳ አለው፤ ይለወጥ።

8. መቀመጫውን አጽዱ። ቀጭን እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልላችሁ፣ በንጹሕ ቤንዚን ነክራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አዙሩበት። ሽቦ ወይም ምስማር አታስገቡ፤ ከጫሩት እስከ ዘላለሙ ያፈስሳል። ከዚያ በመንፊያ ንፉበት፤ ዓይናችሁን ግን አርቁ። ጽዋውንም በንጹሕ ቤንዚን አጥባችሁ በጨርቅ አድርቁ። ክር የሚለቅ ጨርቅ አትጠቀሙ።

9. መርፌውን በተንሳፋፊው ላይ አንጠልጥላችሁ መልሱ። ዘንጉን አስገቡ። ተንሳፋፊው በነፃነት ከፍና ዝቅ ማለቱን አረጋግጡ።

10. ጽዋውን ከመግጠማችሁ በፊት አንድ ፈተና አለ። ጣሳውን ከሥር አድርጉ። ተንሳፋፊውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ሽቅብ ደግፉትና የቤንዚኑን መዝጊያ ጥቂት ክፈቱ። ቤንዚን ካልወረደ መርፌው ዘግቷል። ጣታችሁን ዝቅ ስታደርጉ ቤንዚኑ ይውረድ፤ መልሳችሁ ከፍ ስታደርጉ ይቁም። ከፍ አድርጋችሁት እያለ የሚንጠባጠብ ከሆነ መርፌው ወይም መቀመጫው ገና አልዳነም። ይህ ፈተና ካልታለፈ ሞተር አታስነሡ።

11. ፈተናው ከታለፈ መዝጊያውን ዝጉ፤ ጽዋውን ግጠሙ። ብሎኑን አጥብቁት፤ ግን ጉልበት አታሳዩበት። ካርቡራቶሩ የተሠራው ከለስላሳ ብረት ነው፤ ጥርሱ ቶሎ ይበላል።

12. መዝጊያውን ክፈቱና ዐሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከሥሩ ደረቅ ጨርቅ አንጥፉ። ጨርቁ ደረቅ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል።

ሞተሩን ከማስነሣት በፊት

አትቸኩሉ። ሁለት ነገር ይቀራል።

የመጀመሪያው የታፈነውን ሞተር ማናፈስ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው በማጥፊያው ላይ ይሁን። መዝጊያው ይዘጋ። ካንዴላውን ፍቱ። ገመዱን አምስት ስድስት ጊዜ ሳቡ፤ በሲሊንደሩ የተጠራቀመው ቤንዚን በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል። ፊታችሁን ከቀዳዳው አርቁ፤ የካንዴላው ሽቦም ከዚያ ይራቅ። ካንዴላውን ጠርጋችሁ አድርቁ። የፈሰሰው ቤንዚን በነፋስ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ግጠሙ። ልብ በሉ! ከመጀመሪያውኑ ገመዱ አልሳብ ብሎ ድርቅ ካለ በጉልበት አትታገሉት። ሲሊንደሩ በቤንዚን ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ካንዴላው ሳይፈታ ቢጎተት ሞተሩ ይሰበራል።

ሁለተኛው ዘይቱን ማየት ነው። ፓምፑን ሜዳ ቦታ ላይ አስተካክላችሁ አስቀምጡ። የዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ከልኩ በላይ ከሞላ፣ ወይም በጣት መካከል ሲታሽ እንደ ውሃ ከቀጠነ ሙሉ በሙሉ አውርዱት። አዲስ ዘይት እስከ ልኩ ሙሉ። እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች የሚይዙት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። የዘይት ዋጋ ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ያወረዳችሁትን ዘይት ወደ ወንዙ ወይም ወደ ጉድጓዱ አትድፉ፤ ነገ ከዚያው ውሃ ትጠጣላችሁ።

አሁን ካንዴላው ሽቦውን ያግኝ። መዝጊያው ይከፈት። ፓምፑ በውሃ ይሞላ። ቾኩ ክፍት ይሁን፤ ሞተሩ ቤንዚን ጠግቧልና አየር ነው የሚፈልገው። ገመዱን ሳቡ። መጀመሪያ ጥቂት ጥቁር ጭስ ሊወጣ ይችላል። ወዲያው ከጠራ ደኅና ነው።

መርፌው ከተበላ

ሄዶ መግዛት ነው። ነገር ግን “የፓምፕ መርፌ ስጡኝ” ብቻ አትበሉ፤ ዓይነቱ ብዙ ነው። ሁለት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። አንደኛው አሮጌው መርፌ ራሱ ነው። ሁለተኛው በሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። በሞተሩ ገላ ላይ ፊደልና ቁጥር ያለበት ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ፊደሉ የእኛ ባይሆንም ቅርጹን እያያችሁ በደብተራችሁ ላይ ገልብጡት። ፊደል የቆጠረ እጅ የማያውቀውንም ፊደል መገልበጥ አያቅተውም። ሻጩ ቁጥሩን አይቶ ይሰጣችኋል። ለሌላ ሞተር የተሠራ መርፌ ይዛችሁ ከመመለስ ያድናችኋል። በብዙ ቦታ መርፌው ከነተንሳፋፊውና ከነጓርኒሲዮኑ ይሸጣል፤ አንዳንዴም ሙሉ ካርቡራቶር መግዛት ይሻላል። ዋጋውን ጠይቁና አመዛዝኑ።

መቀመጫው ከተጫረ፣ ወይም ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ካፈሰሰ፣ ወደ ሞተሪስታ ውሰዱት። አጣሩት፣ ሞክሩት፤ ከአቅም በላይ ሲሆን ደግሞ ለባለሙያ መስጠት ዕውቀት እንጂ ሽንፈት አይደለም።

እንዳይደገም

ከማዳን መከላከል ይቀላል። ስለዚህ፦

ቤንዚን ወደ ታንከሩ ስትጨምሩ በንጹሕ፣ ድርብ በሆነ ጨርቅ ወይም በወንፊት ፈንገል አጥሉት። የጀሪካኑን የመጨረሻ ዝቃጭ ወደ ታንከሩ አትገልብጡ።

ሥራ ሲያበቃ መዝጊያውን ዝጉ። መርፌው ባይዘጋ እንኳ መዝጊያው ይዘጋልና ሞተሩ አይጥለቀለቅም። በተለይ ፓምፑ በአህያ፣ በጋሪ ወይም በባጃጅ ሲጓዝ መዝጊያው ይዘጋ፤ በመንገጫገጭ መርፌው እየተከፈተ ያፈሳልና።

ክረምት ሲገባና ፓምፑ ሊያርፍ ሲል የጽዋውን ቤንዚን አውርዱ። ደርቆ ያደረ ካርቡራቶር በበጋ መጀመሪያ አያሳፍርም።

የአየር ማጣሪያውን በአቧራማ ቦታ ቶሎ ቶሎ አጽዱ።

ሌላም አንድ ነገር እናንተው በእጃችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። በሞተሩ ላይ ያሉት ምልክቶች በባዕድ ፊደል የተጻፉ ናቸው። ትንሽ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ፈልጉ። ከቤንዚኑ መዝጊያ አጠገብ በአንድ በኩል “ክፍት”፣ በሌላው በኩል “ዝግ” ብላችሁ ጻፉ። ከቾኩ አጠገብ “አየር” ብላችሁ ጻፉ። ከዘይቱ ክዳን ላይ “ዘይት” ብላችሁ ጻፉ። ፓምፑ የማኅበር ከሆነ ይህ ጥቅሙ ብዙ ነው። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ይሠራበታልና፣ የሚያውቀው ሰው ባይኖር እንኳ ጽሑፉ ይናገራል። ልጃችሁም፣ ጎረቤታችሁም አንብቦ ይዘጋዋል።

ደብተርም ለፓምፑ መድቡ። ዘይት የተለወጠበትን ቀን፣ ካርቡራቶር የታጠበበትን ቀን፣ መርፌ የተገዛበትን ዋጋ ጻፉበት። በሚቀጥለው ጊዜ ብልሽት ሲመጣ “ባለፈው መቼ ነበር?” ብላችሁ በግምት አትከራከሩም። ደብተሩን ትገልጣላችሁ።

እስኪ ራሳችሁን ፈትኑ

1. ቤንዚን ወደ ጽዋው መግባቱን የሚዘጋው የትኛው ክፍል ነው?
2. ተንሳፋፊው መቀደዱን በምን ታውቃላችሁ?
3. ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ምን ታደርጋላችሁ?
4. የቤንዚን እሳት በምን ይጠፋል? በውሃ ወይስ በአፈር?
5. በእናንተ ፓምፕ ላይ ምን ምን ቃላት ትጽፋላችሁ? በደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ አሳዩ።

መልሱን ያላገኘ ወደ ኋላ ተመልሶ ያንብብ። ያገኘ ደግሞ ላላነበበ ጎረቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብለት። ፓምፕ ያለው ሰው ብቻ ሳይሆን የወፍጮ ሞተር ወይም ትንሽ የመብራት ጄኔሬተር ያለውም ይስማ፤ በቤንዚን የሚሠራና ካርቡራቶር ያለው ከሆነ ነገሩ ያው ነው።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። ማሳችሁ ውሃ አይጣ፤ ሞተራችሁም ቤንዚን አያፍስስ። ደኅና ሁኑ!